ስለ ድርሰት ሰዓትና ስለ ቤት ዕዳ

ሰው የመጻፍ ፍላጎት ሲያድርበት፥ ብዙውን ጊዜ የሚያድርበት ሌላውም ነገር ሁሉ ባንድነት በሚመጣበት ዘመን ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚይዝበት፥ ከመጀመሪያው ደመወዙ ለእናቱ የሚልክበት፥ ታናናሾቹን የሚያስተምርበት፥ የሚያገባበትና የሚወልድበት ጊዜ ከሃያ እስከ ዐርባ ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል። የመጀመሪያው መጽሐፍም የሚታሰበው በዚያው ዕድሜ ነው። ከዚህም የተነሣ ደብተሩ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለ ደብተሩም ከቢሮ ወደ ቤት፥ ከቤት ወደ ለቅሶ፥ ከለቅሶ ወደ ዕድር ስብሰባ፥ ከዚያም ተመልሶ ወደ ቢሮ ሲል ዓመቱ ያልቅበታል። መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮስ እጽፋለሁ» ይላል፤ ጳጉሜን ስትገባ ደብተሩ ያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ነገሩ የጊዜ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስጨነቀን ነበር፤ ቀንን ከፋፍሎ መጠቀም ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነውና። እኔ ግን ከዚህ በስተ ጀርባ ያለው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እላለሁ። ይኸውም፥ አንድ ሰው ማንም ላላዘዘው፥ እንጀራም ለማያስገኝ ድርሰት ሲል፥ በርሱ ላይ መብት ካላቸው ሰዎች ሰዓት ሊወስድ ይገባዋልን? የሚል ነው። ልጅ በአባቱና በእናቱ ላይ መብት አለው። የታመመች እናት በልጅዋ ላይ መብት አላት። ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤትም መብት አለው። ድርሰቱ ግን ገና አልተወለደምና የሚከራከርለት የለም፤ የሚከራከርለት ቢኖር ያው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ እርሱም በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ጥያቄ ሲሰጡ የምሰማቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ «ጥበብ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ታላላቆቹ ደራስያን ቤታቸውን ረስተው ነው ለዓለም የተረፉት» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወጣቶች ቶልስቶይን መጥቀስ ይወዳሉ። እስቲ ወደ ቶልስቶይ ቤት ገብተን እንይ። ባለቤቱ ሶፊያ በ1862 ስታገባው (የውጭ አገሩን ዘመን የማነሣው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር። «ጦርነትና ሰላም» ተጽፎ እስካለቀበት እስከ 1869 ድረስ አራት ልጆች ወልዳለች፤ በጠቅላላው የወለደቻቸው 13 ናቸው። ቀን ልጆቹንና ቤቱን ስትጠብቅ ትውላለች፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፥ ባልዋ ሠርዞና ደልዞ የተወውን ለማንበብ የሚያስቸግር ጽሕፈት ቁጭ ብላ ትገለብጣለች። ባልዋ የተገለበጠውን እንደ ገና ይሠርዘዋል፤ እርሷም እንደ ገና ትገለብጠዋለች። እርሷ ራሷም የመጻፍ ፍላጎት ነበራት። በ1890ዎቹ ዓመታት የጻፈችው ልብ ወለድ ግን በአገሯ የታተመው በ1994 ነው፤ ይኸውም እርሷ በ1919 ከሞተች ከ75 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ «ቤቱን ረስቶ ጻፈ» ስንል፥ ያንን ቤት ማን አሰበው? ብሎ መጠየቅ ይገባናል። ቤት እኮ አይረሳም። አንዱ ሲተወው ሌላው ይሸከመዋል እንጂ፥ ምድጃው ራሱን አያነድም፤ ልጅም ራሱን አያጥብም።

ሁለተኛው መልስ፥ «መጀመሪያ ግዴታ ይቅደም፤ ልጆቹ ይደጉ፥ የቤቱ ዕዳ ይከፈል፥ ጡረታም ይምጣ፤ ያን ጊዜ በሰላም ይጻፋል» የሚለው ነው። ይህ መልስ ጨዋ ስለሚመስል ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ሰው ያታልላል። ለዚህም ምስክር አድርገው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን የሚጠሩ አሉ። እውነት ነው፥ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ዳሩ ግን መጽሐፉ የወጣው ከጡረታ በኋላ አይደለም። በጠላት ወረራ ጊዜ ዘምተው፥ ኢጣሊያ ተወስደው ታስረው፥ ከተመለሱም በኋላ በውጭ አገር በዲፕሎማሲ፥ በአገር ቤትም በሚኒስትርነት ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን መካከል ነው። ደግሞም ድንገት በኀምሳ ዓመታቸው ብዕር አላነሡም፤ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እንዲሁ ናቸው፤ መጻሕፍታቸውን የጻፉት የመንግሥት ሥራ ፋታ ሲሰጣቸው ሳይሆን ሥራው በጫንቃቸው ላይ ሳለ ነው። የመጻፍ ችሎታ በጎተራ ተከቶ የሚቈይ እህል አይደለም፤ ማጭድ ነው እንጂ፤ ሳያጭዱበት ሃያ ዓመት የሰቀሉት ማጭድ ምን እንደሚሆን ባላገር ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለቱንም መልሶች የሚያናውጥ የአንዲት ሴት ታሪክ አለ፤ በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልተርከው። ፍራንሲስ ትሮሎፕ የምትባለው እንግሊዛዊት የጠበቃ ሚስት ነበረች። ባልዋ በጥብቅናውም፥ በኋላ በያዘው እርሻም አልተሳካለትም። እርሷ ኑሮ ለማቃናት ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሲንሲናቲ ከተማ የንግድ ቤት ብትከፍት፥ ከሰረች። ወደ አገሯም ተመልሳ፥ በ1832 ስለ አሜሪካውያን ጠባይና ኑሮ የመጀመሪያ መጽሐፏን ስታሳትም፥ ኀምሳ ዓመት አልፏት ነበር። መጽሐፉ ብዙ ተሸጠ፤ ዕዳው ግን ከመጽሐፉ ገንዘብ በለጠ። በ1834 ባለ ገንዘቦች ንብረቱን ሊይዙ ሲመጡ፥ ቤተ ሰቡ ባሕር ተሻግሮ በቤልጅግ አገር ብሩዥ ወደምትባል ከተማ ሸሸ። በዚያም ወንድ ልጅዋ ሄንሪ በሳምባ ነቀርሳ ወደቀ፤ ባልዋ ታመመ፤ የሴት ልጅዋ የኤሚሊ ጤናም ማሽቈልቈል ጀመረ። ሦስቱን የምታስታምም እርሷ ናት። ለሦስቱ መድኃኒትና ምግብ፥ ለቤቱም ኪራይ የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ እርሷ ከምትጽፈው ልብ ወለድ ብቻ ነው። በደኅናው ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ፥ ሌላው ሰው ሳይነቃ የቀኑን ድርሻዋን ጽፋ የመጨረስ ልማድ ነበራት፤ በዚያ ክፉ ጊዜ ግን በሽተኞቹን እየጠበቀች፥ መድኃኒት በምታጠጣበት ክፍል አጠገብ ቀለሟን አስቀምጣ በሌሊት ትጽፍ ነበር። ሄንሪ በ1834 መጨረሻ ሞተ። ባልዋ በ1835 ሞተ። ኤሚሊ በ1836 መጀመሪያ ሞተች። መጽሐፎቹ ግን አላቋረጡም፤ እስክታርፍ ድረስ ወደ ዐርባ የሚጠጉ ሥራዎች አሳትማለች።

ይህን የተረክሁት «እርሷ ከቻለች አንተም ትችላለህ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ኑሮ ለማንም አልመኝም፤ በሌላው መከራ ሰውን መገሠጽም የሰነፍ መካሪ ልማድ ነው። በዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ «ለምን ትጽፊያለሽ? መጻፍሽ ከኛ ይበልጣልን?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ለምን ቢባል፥ መጻፏ እንጀራ ስለ ነበረ ነው። ሰዓቷን ከቤቱ አልሰረቀችም፤ ቤቱ ራሱ በዚያች ሰዓት ነበር የቆመው።

የኛ ነገር የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ከሚጽፉት ወጣቶች ውስጥ በድርሰቱ እንጀራ የሚበላ እጅግ ጥቂት ነው። ድርሰት እንጀራ ካላስገኘ ደግሞ፥ ጐረቤትም ዘመድም ሥራ ነው ብለው አይቈጥሩትም። አንድ ሰው «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እጠብቃለሁ» ቢል ሁሉም ይተወዋል፤ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ» ቢል ግን «እንግዲያውስ ሥራ ከሌለህ ና አጎትህን ሆስፒታል እንጠይቅ» ይሉታል። ጸሐፊውም ይህን ስለሚያውቅ ያፍራል። ከማፈሩ የተነሣም አይናገርም። ካልተናገረ ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ መተው ነው፥ ወይ መስረቅ።

መስረቁ ብዙ መልክ አለው። ሚስቱ የልጃቸውን ትኩሳት ስትነግረው «እሺ፥ እሺ» እያለ በልቡ ግን የታሪኩን መጨረሻ የሚያስብ ባል አለ፤ አካሉ ሳሎን ነው፥ እርሱ ግን የለም። በስልኩ መልእክት የሚጽፍ መስሎ ግጥም የሚጽፍ አለ። ከሁሉም የሚከፋብኝ ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከሩቅ አገር ፋይሉን ይዞ የመጣ ባለ ጉዳይ በመስኮቱ ፊት ቆሞ «ነገ ተመለስ» ሲባል፥ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ስለ ድኻ መበደል የሚያሳዝን ግጥም እየጻፈ ቢሆን፥ ያ ግጥም ቢያምርም እንኳ የተጻፈው በባለ ጉዳዩ አውቶቡስ ገንዘብና በባለ ጉዳዩ የአልቤርጎ ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «ደመወዙ ትንሽ ነው» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ደመወዙን ያሳነሰው ግን ባለ ጉዳዩ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማምንበት መንገድ፥ ሰዓቱን በግልጽ መጠየቅና ዋጋውን መክፈል ነው። የዚችው የፍራንሲስ ልጅ አንቶኒ ትሮሎፕ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። አንቶኒ ከ1834 እስከ 1867 ድረስ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት በሹምነት ያገለገለ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ በሕይወቱ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አኑሮ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሶ ልብሱን ለብሶ ለቁርስ ይቀርባል። በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያመጣለት አንድ ሽማግሌ ባልደራስ ነበረ፤ አንቶኒም ለዚህ ሲል በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ከሞተም በኋላ በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፥ ለደረሰበት ደረጃ ከማንም ይልቅ የዚህ ሽማግሌ ባለ ዕዳ መሆኑን ተናግሯል። ይህ ሰው የሰዓቱን ዋጋ የሚያውቅ ነው፤ ማን እንደ ሰጠው ያውቃል፥ ምን ያህል እንደ ከፈለም ያውቃል። (በባቡር እየሄደ በእርሳስ የጻፈውን ግን ባለቤቱ ነበረች የምትገለብጥለት። እርሷ ከባልዋ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለችና፥ ያንን የሽማግሌውን ምስጋና ስታነብ ምን አለች ይሆን?)

እኛ ባልደራስ የለንም፤ ዋጋውን የምንከፍለው በሰዓት ነው። ባል ሚስቱን፥ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ልጁ ቢነሣ አንቺ ያዥልኝ፤ እኔ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጁንም ወጥ ቤቱንም እይዛለሁ፥ አንቺ የወደድሽውን አድርጊ» ቢላት፥ ይህ የሰው ወግ ያለው ውል ነው። ሚስት ለባልዋ እንዲሁ ብትል ያው ነው። ልብ በሉ፥ «አንቺ የወደድሽውን» ነው የሚለው፤ የማክሰኞው ምሽት ልብስ የምታጥብበት ምሽት ከሆነ ውሉ ፈርሷል። እናትም ጉዳዩን ማወቅ አለባት። ብዙ ወጣቶች «እናቴ አይገባትም» ይላሉ፤ ነገር ግን የነገሯት ጥቂቶች ናቸው። ልጅዋ ለፈተና ሲያጠና በሩን ዘግታ እንግዳ የመለሰች እናት፥ ይህንንም ልትረዳው ትችላለች፤ ምን እንደ ሆነ በስሙ ጠርተው ይንገሯት እንጂ።

ከውጭ ስለሚመጣው ጥሪም አንድ ነገር ልበል፤ ለቅሶ አይቀርም። የሞተ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም፤ የጐረቤቱን ለቅሶ ትቶ ስለ ሐዘን የሚጽፍ ሰውም ምን እንደሚጽፍ አይገባኝም። በሽተኛ መጠየቅም አይቀርም። ነገር ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ መልሱ፥ ከመልሱም በኋላ ቅልቅሉ፥ ከቅልቅሉም በኋላ «ያልመጡት እንዲያዩት» ተብሎ የቪዲዮው ምርቃት ሲመጣ፥ በዚህ መካከል አንዱን ቀን «አልችልም» ብሎ መቅረት ኀጢአት አይመስለኝም። ሙሽሮቹም ቢሆኑ ያን ያህል አይናፍቁንም።

ሰዓቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ይኸውም ትንሽ መሆኑ ነው። አንድ ሰዓት፥ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት። ጸሐፊው በልቡ ያለው ታላቅ ልብ ወለድ ነውና «በዚህች ምን ይሠራል?» ይላል። በፕራግ ከተማ የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ፍራንስ ካፍካ ከመስከረም 22 ወደ 23፥ 1912 ባደረው ሌሊት፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይነሣ ጽፎ አንድ ሙሉ ታሪክ ጨረሰ፤ ከዚያም ወዲህ መጻፍ ማለት እንዲህ ነው፥ ነፍስና ሥጋ ተከፍተው በአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው ብሎ አመነ። ካፍካ ከአንቶኒ ትሮሎፕ የሚበልጥ ደራሲ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሦስቱም ረዣዥም ልብ ወለዶቹ ሳያልቁ ቀርተዋል። እንዲያ ያለ ሌሊት ሲመጣ ሊቀበሉት ይገባል፤ ኑሮን በርሱ ላይ መመሥረት ግን አይቻልም፤ በማግሥቱ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አለና።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ በሚገባ አደራጅተውታል። የቅኔ ተማሪ ወረቀትም ጠረጴዛም የለውም፤ ቀለቡን ለምኖ የሚያድር ነው። ቅኔውን የሚቈጥረው በልቡ ነው፤ በዛፍ ሥር፥ በመንገድ ላይ ሲያስብ ውሎ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። ሲጀምርም በስምንት ቤቱ በመወድስ አይጀምርም፤ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የመወድስ ቍራጭ አይደለም፥ በራሱ ሙሉ ነው፤ ሰሙም ወርቁም በሁለቱ ቤት ውስጥ ያልቃል። እናቶቻችንስ? የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ፥ የባልን ክፋት፥ የአማትን ነገር፥ የወንድምን ናፍቆት በእንጉርጉሮ ይገጥሙ ነበር። መጁ ወደ ፊት ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ የግጥሙን ልክ ይሰጣቸዋል። የገጣሚዎቹ ስም ባይጻፍም ግጥሙ እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። እነርሱ «ወፍጮው ሲያልቅ እገጥማለሁ» አላሉም።

ስለዚህ ጊዜው ጠባብ ለሆነበት ወጣት የምመክረው፥ ሥራውን በሰዓቱ ልክ እንዲቈርጥ ነው። ልብ ወለዱ ይቅር አልልም። ነገር ግን አንድ ሰዓት ያለው ሰው «ዛሬ ልብ ወለዴን እጽፋለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ሰዓቱ በፍርሃት ያልፋል፤ «ዛሬ አሮጊቷ ከበሩ ስትገባ ያለውን ብቻ እጽፋለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ግን አሮጊቷ ትገባለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ፥ ውሃ እስኪመጣ ጀሪካን ይዞ ሲጠብቅ፥ ነገ የምትገባዋን አሮጊት ምን እንደምትል በልቡ ይቍጠረው፤ ይህን ሰዓት ከማንም አልወሰደውምና።

አንዲት ሰዓት እንኳ የማይገኝበት ጊዜም አለ። አራስ ልጅ ያላት እናት፥ አልጋ የያዘች እናቱን ብቻውን የሚያስታምም ልጅ፥ ሁለት ቦታ ሠርቶ እኩለ ሌሊት የሚገባ ሰው፥ ለነዚህ «ተነሥታችሁ ጻፉ» ማለት ጭካኔ ነው። እንቅልፍም መብት አለው። ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ዝም ማለት ውርደት አይደለም፤ ይህ ዝምታ ግን በስሙ ይጠራ፥ መጨረሻውም ይወሰንለት። «ልጁ እስኪሄድ ድረስ አልጽፍም» ማለትና «አንድ ቀን እጽፋለሁ» ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ልጁ የሚሄድበት ቀን ይታወቃል፥ «አንድ ቀን» የሚባለው ግን በየትኛውም ባሕረ ሐሳብ አይገኝም።

አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን ስታሳድግ፥ ቀን ቀን ደግሞ በአንድ የመጽሐፍ ማሳተሚያ ድርጅት የሌሎችን ደራስያን ጽሑፍ ስታርም ትውል ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1970 ታተመ። በጨለማ ተነሥታ የመጻፍ ልማድ የጀመረችው፥ ልጆቹ ነቅተው «እማማ» ከማለታቸው በፊት ያለው ሰዓት ብቻ የርሷ ስለ ነበረ ነው። በ1993 የኖቤል ሽልማት ስትቀበል ልጆቹ ሰዎች ሆነው ነበር፤ የሚጠራትም አልነበረም። እርሷ ግን ያን ጊዜም ጎሕ ሳይቀድ ትነሣ፥ ቡናዋንም አፍልታ ብርሃኑ ሲመጣ ትጠብቅ ነበር።